የቅበላው ቅዳሜ እንግዶች

አቃቂ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሥርጉት፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን እንደ ልማዷ ያማታል፣ እንደ ልማዷም አያመኝም ትላለች። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይሰብራል ሲሉ ሰምታ ሹራብ ገዝታልሻለች፤ ቀጀላ ይዞልሽ ይመጣል። ይኼ ሰው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር! የትምህርት ቤታችሁን አትክልት ከኛ ሰፈር ጫፍ ይጭናል፣ ደብዳቤያችንን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ እናንተ ጋ ይደርሳል። ትምህርት ቤቱ ስልካችሁን ሰብስቦ ከቆለፈ ወዲህ ፖስታ ቤታችን እሱ ሆኗል። እኔ አልከፋኝም፤ በስልክ ሦስት ቃል ብለሽ ነው የምትዘጊው።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። አዎ፣ አልተሳሳትሽም፣ የሚመጡት ወደኛ ሰፈር ነው። ወረዳው ለእድራችን ጽፎ የእድሩ ዳኛ እሑድ አነበበልን። "የዓለም ዜግነት ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች የማኅበረሰቡን ኑሮ ለማየት ይመጣሉ" ይላል። የትምህርት ቤቱን ስም ሲጠራ እናትሽ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ "የልጄ ነው! የሥርጉት ትምህርት ቤት ነው!" አለች። ጉልበቷን የት እንዳስቀመጠችው እንጃ።

"ያ ቀን ለሰፈሩ አይመችም ማለት አይቻልም ወይ?" ያልሽው ግን አልገባኝም። ለምን አይመቸንም? የካቲት 15 የቅበላ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፣ ሰው ሁሉ እቤቱ ነው፣ ሥጋም አለ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ድንኳኑን እተክላለሁ፣ ወንበሩን አወጣለሁ፣ ሴቶቹ በግ ያሳርዳሉ። ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቼ ይኼን ዕቃ ቤት ከተረከብኩ ጀምሮ ድንኳን የምተክለው ለለቅሶ ብቻ ሆኖ ሰልችቶኝ ነበር። አሁን ለልጄ ጓደኞች ልተክል ነው።

በርበሬ የማይችሉ ካሉ ጻፊልን፣ አልጫም ይሠራል።

አባትሽ ተሰማ


ሱሉልታ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ሹራቡ ደርሶኛል፣ ይሞቃል። እማዬን ሳምልኝ።

እንዳትቀየመኝ። ቀኑ አይመችም በሉ ያልኩት እንዳትለፉ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። አባዬ፣ ድንኳን አያስፈልግም። በጉም ይቅር። የሚመጡት ለመብላት አይደለም። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ በደንብ አልመለስኩልህም መሰለኝ። የዓለም ዜጋ ማለት ከራሱ አገርና ከራሱ ቤት አልፎ ስለ ሌላው ሰው የሚገደው ማለት ነው ይሉናል። መምህር ጌዲዮን "ከምቾታችሁ ውጡ" ይላል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍረን ችግር ያለበት ማኅበረሰብ እንጎበኛለን፣ ስጦታ እንሰጣለን፣ ተመልሰን እንጽፋለን። የጻፍነው ግንቦት ላይ በትልቁ አዳራሽ ይቀርባል። ዘንድሮ መምህሩ ካርታው ላይ ጣቱን አቃቂ ላይ ሲያሳርፍ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ለኔ ይኼ ውጤት ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳል። እነሱ ይከፍላሉ፤ የኔ ነፃ ዕድል ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚታደሰው በዚህ ትምህርት ጥሩ ካመጣሁ ነው። እሱን ታውቃለህ።

ምናልባት እኔ አልመጣ ይሆናል። ጉንፋን ይዞኛል። ብመጣም ከቡድኔ ስለማልለይ ቤት ለመግባት አይመቸኝም። እማዬ እንዳትጠብቀኝ ቀስ ብለህ ንገራት።

የምግቡን ነገር፣ ሚራክል የምትባለው ጓደኛዬ ሥጋ አትበላም። ግን ምንም አትሥሩ አባዬ፣ እባክህ።

ሥርጉት


አቃቂ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሥርጉት፣

እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ። ጉንፋኑ እንዴት ሆነ? ቅዳሜ ፊትሽ ደህና ነበር ብለውኛል፣ ሳልም አልነበረሽም አሉ። ደስ ብሎኛል።

ድንኳኑን አትትከል ብለሽ ነበር። ቀጀላ ደብዳቤሽን ያደረሰልን ግን በጉ ከተገዛ በኋላ ነው፤ የተገዛ በግ ደግሞ አይመለስም። ተከልኩት። ገና ገመዱን ሳላጠብቅ ከላይኛው መንደር አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ደረሰች። ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀችም፣ ድንኳን አይታ ነው የመጣችው። ሐጀራ ከሱቋ ሮጣ ወጥታ "ኧረ እትዬ፣ እንግዳ ነው! ማንም አልሞተም!" ብላ ያዘቻት። ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ተናደደች፣ በኋላ ግን ቁጭ ብላ በላች። መምህራችሁም ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ "የማን ሐዘን ነው? ሌላ ቀን እንመለስ ይሆን?" ብሎ ነበር። የእድሩ ዳኛ "ኧረ ለናንተ ነው የተተከለው" ቢለው የባሰ ደነገጠ። እኔ ይኼን በኋላ ሰምቼ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ልጆቹ ጥሩ በሉ። ሥጋ የማትበላዋ ጓደኛሽ ለሐጀራ ለብቻዋ ከተሠራላት ሽሮ ተጋርታለች። ያመጣችሁልንን ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ተከፋፍለነዋል። "የምሸጠውን ሳሙና በነፃ ሰጡኝ" እያለች ሐጀራ ሰፈሩን ታስቃለች።

በቀጀላ የላክሻት ቁራጭ ወረቀት ደርሳኛለች። ለጥያቄዎቹ መልሱ ይኸው። እናትሽ ደህና ናት። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ምን አለች? ምንም አላለች፣ ሳህን አጠበች። አለቀሰች ወይ? እኔ አላየሁም። ስለ ሐጀራ አትስጊ፤ ምላሷን ትይዛለች። ሁሉም ይይዛሉ።

ስትጾሚ ሰውነትሽን እያየሽ ይሁን፤ እዚያ የሚያበሉሽን አላውቅም።

አባትሽ


ሱሉልታ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ይኼን ብቻህን አንብበው። ለእማዬ እንዳታነብላት።

"ሁሉም ይይዛሉ" ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምን ማለት ነው? ምኑን ነው የሚይዙት? ማን ነገራቸው?

ጉንፋን አልያዘኝም ነበር። ላለመምጣት ሁለት ቀን ተኝቼ ሐኪሟ ምንም የለብሽም አለችኝ። አባዬ፣ እዚህ ቤታችን ሳሪስ አቦ ነው ብያለሁ፣ ግቢ ያለው ትልቅ ቤት። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባሁ አንዷ ጠየቀችኝና ከአፌ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻልኩም። አንተን ኢንጂነር አድርጌሃለሁ። እማዬ ውጭ አገር ናት ብያለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ራሱ አፍራለሁ።

አውቶቡሱ ሐጀራ ሱቅ ፊት ለፊት ሲቆም፣ አሁን ስሜን ይጠራሉ፣ አሁን አንዱ "ሥርጉቴ!" ብሎ ያቅፈኛል ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ወረድኩ። ማንም አልጠራኝም። ከሱቋ ከረሜላ እየሰጠች ያሳደገችኝ ሐጀራ እንደ መንገደኛ አየችኝ። ተገላገልኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው፣ አልዋሽህም።

ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። እማዬ ጆጉንና ሳፋውን ይዛ ከሚራክል ጀምራ እያስታጠበች መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። በኛ ቤት ማን ለማን እንደሚያስታጥብ ታውቃለህ። ልነሳና ልቀበላት ይገባ ነበር፣ ማንኛዋም ልጅ ለማንኛዋም እናት የምታደርገው ነው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፣ እናቴ አፈሰሰችልኝ። ፎጣውን ስታቀብለኝ እንደ ሌሎቹ "ታንክ ዩ" አልኳት። "ይብሉ" አለችኝ። "ይብሉ" ብላኝ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ቤት በገባሁ ቁጥር ድምፅዋ ይሰማኛል። በሷ አፍሬ ነበር፤ አሁን በራሴ አፈርኩ። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም አባዬ። ነገ አውቶቡሱ ተመልሶ ቢወስደን ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

አንተንም በዓይኔ ፈልጌህ ነበር። የት ነበርክ?

ሥርጉት


አቃቂ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥርጉቴ፣

ብቻዬን አነበብኩት። መልሱን ጽፌ ቀደድኩ፣ እንደገና ጽፌ ቀደድኩ። እናትሽ "ምን ሆነህ ነው ወረቀት የምትፈጀው?" አለችኝ። ለእድሩ ነው አልኳት።

ማን ነገራቸው ላልሽው፣ እናትሽ ናት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ለብሳ ቤት ለቤት ዞረች። "ነገ ልጄ ትመጣለች። ቀድማ ካልጠራቻችሁ እንዳትጠሯት። ለትምህርቷ ነው" አለቻቸው። ሌላው እሺ ሲላት ሐጀራ አሻፈረኝ አለች። "ያዘልኳትን ልጅ አላውቃትም ልበል? ምን በደልኩሽ ወርቅነሽ?" ብላ ጮኸችባት። እናትሽ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ነው እሺ ያለቻት። ለኔ መጨረሻ ላይ፣ ራት ስንበላ ነገረችኝ።

እንዴት አወቀች ትያለሽ። የገና ዋዜማ የጓደኛሽ ቤተሰቦች መኪና ሳሪስ አቦ አወረደሽ። እናትሽ ያን ዕለት እዚያው ገበያ ዶሮ ልትገዛ ሄዳ ነበር። አንድ የማናውቀው ሰው ግቢ በር ላይ ቆመሽ፣ መኪናውን እጅሽን እያውለበለብሽ ሸኝተሽ፣ ከዓይን ሲርቅልሽ መንገድ ተሻግረሽ ሚኒባስ ስትሳፈሪ አየችሽ። እንዳታገኝሽ ብላ ሁለት ሚኒባስ አሳለፈች። ቤት የገባችው ካንቺ በኋላ ነው፤ "ገበያው ተጨናንቆ ነው" ያለችን ያን ጊዜ ነው። አንቺም ዶሮውን ተቀብለሽ ሳምሻት። ይኼን ሁሉ ከገና እስከ ቅበላ በሆዷ ይዛ ኖረች።

እኔስ የት ነበርኩ? ወረቀቱን የቀደድኩት እዚህ ጋ ስደርስ ነው። አውቶቡሱ ሲመጣ ወንበር ጎደለ ብዬ ዕቃ ቤት ገባሁ። የእድሩ ድስቶች መካከል ተቀምጬ እስክትሄዱ አልወጣሁም። ልጄን በሰው ፊት እንደማላውቃት መሆን አልችልም ብዬ አልነበረም። ያንን ብል ደስ ባለኝ። ይልቅ "ይኼ የለበስኩት ኮት ነው የሚያጋልጣት፣ ከናቷ ይልቅ እኔን ነው የምትመስለው፣ ያውቁባታል" ብዬ ነው የገባሁት። ድንኳን እተክላለሁ ብዬ ሰፈሩን ሳስጨንቅ ከርሜ፣ ቀኑ ሲደርስ ተደበቅሁ። ስለዚህ አፈርኩ ብትዪኝ የምቆጣበት አፍ የለኝም።

አባትሽ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ሳልጽፍልህ ብዙ ቆየሁ። ፈተና ነበረን። ፈተናው ካለቀ ቆይቷል፣ እሱንም ልንገርህ።

በመሀል በላክሃቸው ቁራጭ ወረቀቶች ለፋሲካ መቼ ትመጫለሽ ላልከው፣ ዘንድሮ አልመጣም። ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ግን ቡድናችን ሥራውን ለመጨረስ ሚራክል ቤት ይሰበሰባል። መሰብሰቡ እውነት ነው። ፈቃድ ብጠይቅ ግን ይፈቀድልኝ ነበር። ቤት ገብቼ እማዬን በምን ዓይኔ እንደማያት አላወቅሁም።

ሥራችሁ ስለ ምንድን ነው ብለህ ሁለቴ ጠየቅኸኝ፣ ሁለቴም አልመለስኩልህም። ስለ ውኃ ነው። ሚራክል ያን ዕለት እማዬ ስታስታጥበን ፎቶ አንስታት ነበር። ጎንበስ ብላ፣ ውኃው ሲወርድ፣ ፊቷ ላይ ብርሃን አርፎ። ፎቶው በጣም ያምራል። መምህር ጌዲዮን ያደገው ውጭ ነው፤ ሲያየው "ቧንቧ የላቸውም ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። በማግስቱ ሥራችን "የውኃ እጦት በአቃቂ" ሆነ። ከወላጆች ገንዘብ ተሰብስቦ ቧንቧ ሊተከልላችሁ ነው።

ሚራክልን ለብቻዋ "እንግዳ ማስታጠብ እኮ ነው፣ ይኼን ታውቂያለሽ" አልኳት። "አውቃለሁ። ግን ፎቶው ያምራል። ደግሞ ቧንቧ ቢጨመርላቸው ምን ይጎዳቸዋል?" አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ እውነቷን ነው የጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ይሻል ነበር፤ ጽሑፉን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። እናቶች በእንስራ ውኃ ፍለጋ ስለሚሄዱበት መንገድ ጻፍኩ። መምህሩ "ያየሽውን የምትጽፊ ነው የሚመስለው" ብሎ በክፍሉ ፊት አሞገሰኝ።

ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታትሞ ምግብ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ የኔ ጽሑፍ አለ። ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምበላው።

መልካም ፋሲካ። እማዬን ሳምልኝ።

ሥርጉት


አቃቂ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥርጉት፣

ዛሬ ሰላምታ የለም። ተቆጥቻለሁ። ባለፈው የምቆጣበት አፍ የለኝም ብዬሽ ነበር፣ አሁን ተገኘ።

ቧንቧ አለን። ግቢያችን ውስጥ አለ፣ አንቺም እዚያው ጎን ተዘፍዝፈሽ ታጥበሽ ነው ያደግሽው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሲቀርብን እንራገማለን፣ ሲመጣ በርሜል እንሞላለን፣ ከተማው ሁሉ እንደሚያደርገው። እንስራ ተሸክማ የምትሄድ እናት አቃቂ የት አየሽ? እናትሽ እንግዳ ብላ ጎንበስ ማለቷ እንደ ችግር ተቆጠረ። ያላወቀ ቢሳሳት ምንም አይደል፤ አንቺ እያወቅሽ ጻፍሽው።

በፋሲካ ቀን ከጓደኛሽ ቤት ደወልሽ። እንኳን አደረሳችሁ አልሽኝ፣ ስልኩን ለእናትሽ ሳቀብላት መስመሩ ተቋረጠ። መስመሩ መሆኑን ላመነው ሞክሬያለሁ። እናትሽ ካንቺ ድርሻ ዶሮ ማንም እንዳይነካ ብላ እስከ ማክሰኞ አቆየችው። ማክሰኞ ለቀጀላ አቀረበችለት። እሱም ጠግቦ አፉ አመለጠውና "እትዬ ወርቅነሽ፣ የርስዎ ምስል እኮ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ይኼን የሚያክል!" አላት። እናትሽ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? "አምሬያለሁ?" አለችው። "እጅግ!" አላት። ቀኑን ሙሉ ፊቷ በርቶ ዋለ፣ ለሐጀራም ሄዳ ነገረቻት። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ አልነገርኳትም። እኔም እንግዲህ ካንቺ ጋር ሆኜ እየዋሸኋት ነው።

አሁን ጥሪ መጥቷል። ግንቦት 9 ለሚደረገው ዝግጅት እድሩ አንድ "የማኅበረሰብ ተወካይ" እንዲልክ ይላል። ምስሉ የሷ ነው ብለው ሴቶቹ እናትሽን መረጡ። እሷ ግን "ሥርጉት ትምጣ ካለች እሄዳለሁ፣ ካላለች ሐጀራ ትሂድ" ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ተዪውና አንድ ነገር መልሺልኝ። እናትሽ ትምጣ ወይስ አትምጣ? ብትመጣስ ማን ሆና ነው የምትመጣው?

አባትሽ


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ትምጣ። እናቴ ሆና ትምጣ።

ቡድናችንን ወክዬ መድረክ ላይ የምናገረው እኔ ነኝ። የተዘጋጀውን ጽሑፍ ትቼ እውነቱን እናገራለሁ። እስካሁን ለማንም አልነገርኩም፣ ቀድሜ ብነግራቸው ያስተዉኛል ወይም እኔው ራሴ እተወዋለሁ። ዋሽታለች ብለው ነፃ ዕድሌን ሊሰርዙት ይችላሉ። ከሆነም ይሁን፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት አለ። ሚራክል ደግሞ ዳግመኛ አታናግረኝም መሰለኝ። ፈርቻለሁ አባዬ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ግን ያ ፎቶ ሥር ሌላ ዓመት መብላት አልችልም።

በየቀኑ መስታወት ፊት ቆሜ እለማመዳለሁ። አንድ ቃል እንዳይደናቀፈኝ፣ አነጋገሬም ልክ እንደነሱ እንዲሆን። እንዳይስቁብኝ።

የተቆጣኸኝን ደብዳቤ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። አንተም አብረህ ና።

ሥርጉት


አቃቂ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሥርጉት፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ነፃ ዕድልሽ እንዳልተሰረዘና እንዲያውም እንደተሸለምሽ ቀጀላ ነግሮኛል። እኔ ጥሪው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ። ግቢያችሁ ዛፉ ያምራል።

"እማዬ ምን አለች?" ብለሽ ጠይቀሻል። እንደሆነው ልንገርሽ።

እቅፍ አበባ ይዛ ወጣች። እንዴት ነበር ስላት "ደህና ነበር፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው" አለች። ሚኒባስ ውስጥ አበባውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሳሪስን አልፈን ቃሊቲ ልንደርስ ስንል ወደኔ ዞር ብላ "ተሰማ፣ ያጨበጨቡት ለምን ነበር?" አለችኝ።

"እኔ መቼ ነበርኩ? ልጅሽ ምን ብላ ተናገረች?" አልኳት።

"በእንግሊዝኛ ነዋ!" አለችኝ።

ከፊት ለተወካዮች ከተዘጋጀው ወንበር አስቀመጧት። ወጣሽ፣ ረጅም ተናገርሽ። "ማዘር" ያልሽውን ብቻ ያዘች። ከዚያ ድምፅሽ ተቆርጦ አለቀስሽ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ሰው ሲያጨበጭብ እሷም ተነስታ አጨበጨበች። ዳይሬክተሯ አቅፋ ሳመቻት፣ መምህሩ "ጀግና ልጅ አለዎት" አላት፣ አንቺም መጥተሽ አቀፍሻት፣ ካሜራ የያዙት ወደዚህ እዩ፣ ወደዚህ እዩ እያሉ ነበር። ከዚያ ጠሩሽና ሄድሽ።

"እናቷ መሆኔን ነግራቸዋለች፣ ይኼ ገብቶኛል" አለችኝ። "ግን እናት አለኝ ስላለች ይጨበጨባል እንዴ? ስለ ቧንቧው ለምናልን ይሆናል።" ደግሞ "ስትናገር የምታየው ዳይሬክተሯን ነበር። እኔን አላየችኝም" አለች።

ምን ልበላት? እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ የፋብሪካው ማሽን ላይ የተጻፈውን ነው። ምን እንዳልሽ በግምት አውቃለሁ፣ ግን ይኼ በግምት የሚነገር ነገር አይደለም። ደግሞም የኔ አይደለም። ትናንትም ጠየቀችኝ። ዛሬ ጠዋትም ለሐጀራ "ልጄ ተናግራ ሰውን አስለቀሰችው" ስትላት ሰማኋት። ሐጀራ "ምን ብላ?" ስትላት ወሬውን ወደ አበባው አዞረችው።

አባትሽ


ሱሉልታ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣

ይኼን አባዬ ያነብልሻል። አባዬ፣ አንድም ቦታ ሳትዘል አንብብላት።

እስከ ዛሬ ላንቺ ጽፌልሽ አላውቅም። ሁልጊዜ ለአባዬ ጽፌ መጨረሻ ላይ እማዬን ሳምልኝ እላለሁ። ስለዚህ እንዴት እንደሚጀመር አላወቅሁበትም፤ ዝም ብዬ ልናገር።

መድረክ ላይ ያልኩት ይኼን ነው። በቅበላ ዕለት ያስታጠበችን ሴት እናቴ ናት አልኩ። ቧንቧ አላቸው፣ ውኃ ያፈሰሰችልን እንግዶቿ ስለሆንን ነው፣ እኔ የጻፍኩት ውሸት ነው አልኩ። ሳሪስ ቤት የለንም፣ አባቴ ኢንጂነር አይደለም፣ እናቴም ውጭ አገር ሄዳ አታውቅም አልኩ። እናቴ እንዳላፍር ብላ አላውቃትም አለች፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ እጄን ዘረጋሁላት አልኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

ያጨበጨቡት ለዚህ ነው እማዬ። አንቺም አብረሽ ያጨበጨብሽው ለዚህ ነው።

ዳይሬክተሯ ይኼ ትምህርት የተፈጠረው እንዲህ ላለ ቀን ነው አለች። ነፃ ዕድሌ ታደሰልኝ። ፎቶሽ አልወረደም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቻ ተቀይሮ "የተማሪያችን እናት" ሆኗል። መስከረም ላይ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ያንኑ ንግግር እንድደግመው ጠይቀውኛል። ሚራክልም አቅፋኝ አልቅሳ "ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኮ የበለጠ እወድሽ ነበር" አለችኝ። ይጥሉኛል ብዬ ስፈራ የነበርኩት ሁሉ ይስሙኛል። እንዴት እናትሽን እንዲህ ታደርጊያለሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ያን ሁሉ ቀን መስታወት ፊት የተለማመድኩት ለነሱ ነው። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሳለ አንዱን ዓረፍተ ነገር እንኳ አንቺ በምትሰሚው ቋንቋ ልበለው ብዬ አላሰብኩም። በእንግሊዝኛ ስናገረው ጥፋቴ ራሱ ያምር ነበር። አላየችኝም ያልሽውም እውነት ነው። አንቺን ባይሽ ኖሮ ንግግሩ ይጠፋብኝ ነበር፣ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ሌላ ሰው አየሁ። ከቅበላው ቀን ይልቅ በዚህ ነው ያፈርኩት።

በአማርኛ ሲሆን አጭር ነው። እማዬ፣ አፍሬብሽ ነበር። እናቴ ፊቴ ቆማ አላውቃትም አልኩ።

ቅዳሜ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። አባዬ በመሀል እንዳይገባ፣ ሐጀራም እንዳታማልደኝ። እዚህ ያሉት አጨብጭበው ለቀቁኝ። አንቺ ግን ተቆጪኝ።

ልጅሽ ሥርጉት